«ቅጠል ነው» ላለው ሰው

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው። ዛሬ ከሰዓት ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለ ባህል መድኃኒት ምርምር ውይይት ነበር፣ ገብቼ አዳመጥኩ። አንዱ ተናጋሪ «የባህል ሐኪሞች ቅመማቸውን ለተመራማሪ እንዲያስረክቡ በሕግ መገደድ አለባቸው» አለ። ይሁን፣ ያከራክራል። ቀጥሎ ግን «ላብራቶሪ ያላየው ነገር መድኃኒት አይደለም፣ ቅጠል ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አላነሳሁም።
አያቴ ኮሶ ስታሰናዳ አጠገቧ ተቀምጬ አድጌያለሁ። የሴቴውን አበባ ከወንዴው ትለያለች። ቀላ ያለውን ታስቀራለች፣ ሌላውን ትጥላለች። የከረመውን አትነካም። ለነፍሰ ጡር አትሰጥም፣ ለልጅ አትሰጥም። ማታ ወቅጣ በጠላ ትበጠብጠዋለች፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ይኼ ሁሉ ቅጠል ነው?

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
እኔ እዚያ ብሆን አጨበጭብ ነበር። ተናጋሪው አያትህን አልሰደበም። መጠኑ ያልታወቀ ነገር መድኃኒት አይባልም ነው ያለው። ኮሶ ሲበዛ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ታሪክ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። አያትህ ስንት ግራም ነበር የምትሰጠው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
በእፍኝ ነበር የምትለካው። በራሷ እፍኝ። አንድም ሰው እጇ ላይ አልታወረም።

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
እሷ ስታልፍ እፍኟም አብሯት አለፈ። ችግሩ ይኼ ነው። ባለፈው ወር ፒያሳ የምሠራበት ፋርማሲ አንድ አባት መጡ። በሃይላንድ ጠርሙስ ቡናማ ፈሳሽ ይዘዋል፣ ታቹ ላይ አተላ ተኝቷል። ጽሑፍ የለውም፣ ቀን የለውም። «ለስኳር ነው፣ ኪኒኑን ትቼዋለሁ» አሉኝ። እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበር። ምን እንዳለበት ብጠይቃቸው «ቢነገር ይረክሳል ተብያለሁ» አሉ። የተዉት ኪኒን ሜትፎርሚን ነው። እሱ ራሱ መነሻው አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል አበባ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የሜትፎርሚኑ ተለክቷል፣ የጠርሙሱ አልተለካም። ለዚህ ነው ቅጠል ነው የምለው።

የቅመም ተራ ልጅ፦
እህቴ፣ ለአባትየው አዝኛለሁ። ግን ያንን ጠርሙስ የሸጠላቸውን ሰው ከእኔ እናት ጋር አትቀላቅይ። እናቴ መርካቶ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ኮሶ፣ መተሬ፣ እንቆቆ ሸጣለች። ለማታውቀው ሰው አትሸጥም። መጀመሪያ ትጠይቃለች፦ ለማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ሌላ መድኃኒት ይወስዳል? ፋርማሲ ሄጄ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም።
ደግሞ «ኮሶ ሻጭ» የሚለው ስድብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስንም እናት በእሱ ነው የሰደቧቸው። ዛሬ ስድቡ በላብራቶሪ ስም መጣ፣ ያው ነው።

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
እኔ ማንንም ኮሶ ሻጭ ብዬ አልተሳደብኩም። እባክህ ያላልኩትን አታስብለኝ።

የቅመም ተራ ልጅ፦
ቅጠል ነው ብለሻል። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ?

ጋሼ ሰባራ ባቡር፦
ልጆች፣ ቀስ በሉ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እንዶድን ታውቃላችሁ፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ያያል። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ አረፋው በሚያልፍበት ቦታ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈዋል። ከላይ ያሉት በሕይወት አሉ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ደግሞ ያ ቀንድ አውጣ ነው። ምርምሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። አምስት ዓመት አድዋ ላይ ሲሞከር፣ በትንንሽ ልጆች ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በእንዶዱ ውስጥ የተገኘው ንጥረ ነገርም በእሱ ስም ለማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበለ።
እንግዲህ ዳኙ። አክሊሉ ላብራቶሪ ይዞ ባይመጣ አረፋው ዝም ብሎ ይፈስ ነበር። አጣቢዎቹ ባይኖሩ ደግሞ አክሊሉ የሚያየው ነገር አልነበረም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ጋሼ፣ ቀሪውንም ይጨርሱት እንጂ። ያ ሁሉ ውጤት በእጅ እያለ፣ ደህንነቱ በውጭ ላብራቶሪ እንደገና ካልታየ ተብሎ ስንት ዓመት ባከነ? ላብራቶሪ አይቶት ነበር እኮ! የእኛ ላብራቶሪ ስለሆነ አልተቆጠረም። «ላብራቶሪ ያላየው» የሚለው ሰው የማንን ላብራቶሪ እንደሚል መጀመሪያ ይንገረኝ። በኋላ አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ ለሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ ማጥፊያ አድርጎ ፓተንት፣ ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣበት። አድዋ ላይ ልብስ ያጠቡት ሴቶች ምን አገኙ?

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
ፓተንቱ ላይ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ራሱ አክሊሉ ነው። ይኼንን ለምን ዘለልከው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ስሙ አለ፣ ባለቤቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። የጠየቅኩት ስለ ሴቶቹ ነው።

ጋሼ ሰባራ ባቡር፦
ሁለታችሁም እውነት ነው ያላችሁት። ያስቆጨኛል፣ ዛሬም ያስቆጨኛል።

ብልቃጥ፦
እኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የምሠራው ዕፅዋት ላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን እንዴት እንደተገኘ ታውቃላችሁ? ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ለወባ የሚሆነውን ንጥረ ነገር ከተክሉ በሙቀት ስታወጣው ውጤቱ ይዋዥቅባት ነበር። ወደ ጥንት መጽሐፍ ተመለሰች። አራተኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተጻፈ ነው። «ከተክሉ አንድ እፍኝ ወስደህ ውሃ ውስጥ ነክረህ ጭመቅና ጠጣ» ይላል። አፍላ አይልም። ያኔ ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን እያጠፋው እንደሆነ ገባት። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሠራ። በ2015 ኖቤል ወሰደች።
አሁን ዳማከሴን አስቡ። እናቶቻችን አያፈሉትም። መዳፋቸው ላይ አሽተው ይጨምቁታል፣ አረንጓዴው ጭማቂ በጣታቸው መሀል ይወርዳል። ይኼ አሠራር ራሱ መረጃ ነው። ቅጠል ነው ብለን ብንወስደውና ብናፈላው መረጃውን ጣልነው ማለት ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እጅህ ይባረክ! እኔ ለማለት የፈለግኩት ይኼን ነው።

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
ብልቃጥ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። የቱ ዩዩ ቡድን ከ200 ከሚሆኑ ዕፅዋት ከ380 በላይ ተዋጽኦ አውጥቶ አይጥ ላይ ሞክሯል። ያለፈችው አንዷ ናት። እነዚያ ሁሉ ሌሎቹ በመጽሐፍ ተጽፈው፣ በአያት ተወርሰው የመጡ ነበሩ። ለወባው አልሠሩም። እነሱን ምን እንበላቸው? በዚያ ላይ በሽተኛ ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሷ ጠጥታዋለች። እዚህ መጀመሪያ የሚጠጣው በሽተኛው ነው።

የካዛንቺሷ፦
ስለ ዳማከሴ ከተነሳ እኔም ልናገር። ልጄን ምች መትቶት ዳማከሴ ነው ያዳነው። በዓይኔ ያየሁትን ማን ያስክደኛል?

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
እትዬ፣ ልጅዎ እንኳን ዳነ። ግን ምች የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የከንፈር ሄርፒስ ወይም ተራ ትኩሳት ነው። በራሱ ጊዜም ይድናል።

የካዛንቺሷ፦
ልጄን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ምች የለም በይና እናቴንም ውሸታም አድርጊያት። አሪቲም አፍልቼ እጠጣለሁ፣ አዋሽ ስወርድ ወባ ይዞኝ አያውቅም።

ብልቃጥ፦
እትዬ፣ ስለ አሪቲው እባክዎ ያድምጡኝ። የእኛ አሪቲ ከቻይናው ተክል ጋር ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። አርቴሚሲኒን ያለው የቻይናው ላይ ነው። እሱንም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት በሻይ መልክ እንዲጠጣ አይደግፍም። መጠኑ ስለሚያንስ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል። አዋሽ ሲወርዱ አጎበር ይያዙ፣ ካተኮሰዎት ቶሎ ይመርመሩ።

የካዛንቺሷ፦
አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?

ብልቃጥ፦
ከተክሉ ወገን ነኝ እትዬ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ሲቆጠር ያመኛል። ወርቅ ያልሆነው ወርቅ ሲባልም ያመኛል። በመጋቢት 2012 ከአገር በቀል ዕውቀት የኮሮና መድኃኒት የመጀመሪያ ሙከራዎችን አለፈ ተብሎ መግለጫ ሲሰጥ አለቀስኩ፣ በደስታ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው ነው እስከ ዛሬ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀኝ። ሲያልቅ ቢነገር ይሻል ነበር።

የቅመም ተራ ልጅ፦
ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። «ይገደዱ» የሚለውስ? እናቴ የምታውቀውን ለማን ብላ ታስረክባለች?

ብልቃጥ፦
በእኔ የደረሰውን ልንገርህ። ለቴሲሴ እንጦጦ አካባቢ አንድ የባህል ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ቡና ተፈላልኝ፣ ጤና አዳም ገባበት። ደብተሬን ሳወጣ እጄን ያዙኝና «ከአንተ በፊት ሦስት ሰው ጽፎ ሄዷል፣ የተመለሰ የለም» አሉኝ። ደብተሬን መለስኩት። ቡናውን ጠጥቼ ወጣሁ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት አለው፣ ፈቃድና የጥቅም ድርሻ ይገባዋል ይላል። እኔ ግን ለሽማግሌው የማሳያቸው ነገር እጄ ላይ አልነበረም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
አያችሁ? ምስጢር የሚያደርጉት ለክፋት አይደለም። ተዘርፈው ነው። ለጤፍ እንኳ የሆላንድ ፍርድ ቤት ፓተንቱን እስኪሽር እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ጠብቀናል።

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
ስለ ዝርፊያው ከአንተ ጋር ነኝ። አያትህ ስሟ ይጻፍ፣ ድርሻ ይሰጣት፣ እፈርማለሁ። ግን ምስጢሩ የሚገድለው ፈረንጁን አይደለም። እኒያ ጠርሙስ የያዙ አባት ቢወድቁ ሐኪሙ ምን እንደጠጡ አያውቅም፣ ማርከሻውን በምን ይመርጣል? ቢገደዱም እደግፋለሁ።

የቅመም ተራ ልጅ፦
እናቴን አስገድደሽ የምትሰሚው ግማሹን ነው። አጠገቧ ተቀምጠሽ ስትጠይቂያት ሌላ ነው። እሷ የከረመ ኮሶን በጠረኑ ትለያለች፣ ስታሸው ይሰማታል። እሱን በምን ፎርም ላይ ትሞላዋለች?

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
ኮሶ ሲከርም እንደሚደክም መጻሕፍቱም ይላሉ። እሷ ትክክል ናት። ስለዚህ ይለካ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ትክክል ከሆነች ቅጠል ነው የሚለውን ቃል አንሺ።

ባለ ነጭ ጋውኗ፦
አላነሳም። የጠርሙሱን አተላ ያየሁት እኔ ነኝ።

የካዛንቺሷ፦
ምች የለም ያልሽውንስ?

ጋሼ ሰባራ ባቡር፦
ብልቃጥ፣ እንጦጦ ያሉትን ሽማግሌ እኔ ሳላውቃቸው አልቀርም። ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?

ብልቃጥ፦
ከ80 ያለፉ ይመስለኛል ጋሼ። ልጆቻቸው አገር ውስጥ የሉም።