የሞተር ዘይት ምርመራ ውጤት፦ ሲሊከን 52፣ ብረት 46። ሞተሩ ይውረድ?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ከረማችሁ። መኪናው ቶዮታ ያሪስ ነው፤ ሞተሩ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ፣ 1.5 ሊትር ቤንዚን፣ የሄደው 214 ሺህ ኪ.ሜ። ግማሹ ጉዞ ከማርቆስ ወጥቶ በገጠር ኮረኮንች ላይ ነው። ዘይቱ 5ደብሊው-30 ሲሆን 6,200 ኪ.ሜ ሠርቶ ተቀየረ፤ በመሃል ግማሽ ሊትር ተጨምሮበታል። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ የመጣው ውጤት በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እንደሆነ) ይኸው፦

ብረት 46፣ አልሙኒየም 14፣ ክሮም 3፣ መዳብ 5፣ እርሳስ 2፣ ቆርቆሮ 0፣ ሲሊከን 52፣ ሶዲየም 6፣ ፖታሲየም 2። ውፍረቱ በ100 ዲግሪ 10.1 ሴንቲስቶክ፣ ቲቢኤን (ዘይቱ አሲድ የማርከስ አቅሙ) 3.1፣ ቤንዚን ከ1 በመቶ በታች፣ ውሃ የለም።

ብረትና ሲሊከን በቀይ ተሰምሮባቸዋል። ጋራዥ ደግሞ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ለክቶ 154፣ 156፣ 151፣ 155 ፒኤስአይ አገኘ። «መጽሐፉ 210 ገደማ ነው የሚለው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» ተባለ። ማርሚታው አይጨስም፣ ጉልበቱም እንደ ድሮው ነው። እውነት ፋሻ ነው?

ዳሞት

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አትያቸው፤ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደወጣ ተመልከት።

ሲሊከን ዘይት ውስጥ የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው አቧራ ነው። ሁለተኛው የሲሊኮን ማጣበቂያ ነው፤ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ወይም የቫልቭ ክዳን በቅርብ ተከፍቶ በማጣበቂያ ከተገጠመ ሲሊከኑ ከፍ ይላል፣ ብረትና አልሙኒየም ግን ባሉበት ይቆያሉ። ሦስተኛው አረፋ እንዳይፈጠር ዘይቱ ውስጥ የሚጨመረው ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ፒፒኤም ብቻ ነው። ያንተ 52 ደግሞ ከአልሙኒየም 14 እና ከብረት 46 ጋር ነው የመጣው። አፈር ራሱ ሲሊከንና አልሙኒየም አለበት። ለአንድ አልሙኒየም አራት ያህል ሲሊከን መገኘቱና ብረቱም አብሮ መውጣቱ አቧራ እንደገባ፣ አቧራውም ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እየፋቀ እንደሆነ ይናገራል።

ብረቱን ለኪሎ ሜትር አካፍለው፤ ወደ 7.4 ፒፒኤም ለ1,000 ኪ.ሜ ይመጣል። በደህና ትንሽ ቤንዚን ሞተር ላይ በልምድ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ነው። የጨመርከው ግማሽ ሊትርም ቁጥሩን ስላቀጠነው እውነተኛው ትንሽ ከፍ ይላል። እርሳስ 2፣ መዳብ 5፣ ቆርቆሮ 0 ደግሞ የክራንኩ ብሮንዚና (የክራንክ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ደህና ነው ማለት ነው፤ ብሮንዚና ቢበላ ኖሮ እነዚህ አብረው ይነሡ ነበር።

ውፍረቱ ለ30 ቁጥር ዘይት ከተቀመጠው ከ9.3 እስከ 12.5 መሃል ነው። ቲቢኤኑ ወርዷል፣ ግን አላለቀም።

አንድ ጥያቄ፦ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ነው ወይስ የቧንቧ ውሃ? ሶዲየምና ፖታሲየም የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋስኬት መበላቱን የሚያሳብቁት ኩላንት ካለ ብቻ ነው። በተራ ውሃ የሚሄድ መኪና ጋስኬቱ ቢበላም ሁለቱ ላይወጡ ይችላሉ።

የጣና ዳር

ስለ ኮምፕሬሽኑ ልናገር፤ አንድ ደህና ሞተር በከንቱ እንዳይወርድ።

መጽሐፉ የሚለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጌጁም በዚያው ልክ ይወርዳል። 210ን በ0.74 አባዛው፤ 155 ይሆናል። ያንተ አራት ሲሊንደሮች ያነበቡት ይህንኑ ነው! ያው መኪና ባሕር ዳር ቢለካ፣ እዚያ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ፣ 168 ገደማ ያነባል። ሞተሩ አልተለወጠም፣ አየሩ ነው የተለወጠው።

እኛ አገር ደጋ ላይ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው የሚታመነው። ያንተ ትልቁና ትንሹ በ5 ፒኤስአይ ብቻ ይለያያሉ፤ ለዚህ ሞተር እስከ 14 ድረስ ይፈቀዳል።

ልኬቱ ራሱ በትክክል ከተሠራ ነው ታዲያ። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ይነቀል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ ይያዝ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ጥርጣሬ ካለ በአንዱ ሲሊንደር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ጨምረህ ድገም። ቁጥሩ በብዙ ከዘለለ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው።

ጮቄ

እግዜር ይስጣችሁ። ራዲያተሩ ተራ ውሃ ነው፤ ውሃ ግን አይጎድልም። ኮፓም ክዳንም አልተከፈተም። የአየር ፊልትሮው በየወሩ በኮምፕረሰር ይነፋል፤ ከተቀየረ ዓመት አልፎታል።

ዳሞት

እንግዲህ እዚያው ነው ነገሩ። ወረቀቱ በኮምፕረሰር በተነፋ ቁጥር ቃጫው ይከፈታል፣ በዓይን የማይታይ ቀዳዳም ያወጣል። ፊልትሮውን ጨለማ ቦታ ይዘህ ከውስጥ በኩል አምፖል አብራበት፤ የብርሃን ነጥብ ከታየህ ጣለው። ባይታይህም ቀይረው። ፊልትሮ ትንሽ አቧራ ሲይዝ እንዲያውም ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፤ ስለዚህ «ቆሽሿል» ብሎ በየሳምንቱ መንፋት ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይታይም።

ፊልትሮ መቀየር ብቻውን ግን አይበቃም፤ አቧራው በጎን እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍተህ ከፊልትሮ ቤቱ እስከ ትሮትል (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው በር) ያለውን ማኒኮቶ (የአየር ቱቦ) ፍታ። ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ የአፈር ዱቄት ከመጣ ከፊልትሮው ወዲህ አቧራ እያለፈ ነው። ከዚያ የፊልትሮ ቤቱን ከንፈር ዙሪያውን በስሱ ግራሶ ቀብተህ አዲሱን ፊልትሮ አስገባ፣ ክዳኑን ዝጋ፣ መልሰህ ክፈት። ግራሶው በጎማው ላይ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን መታተም አለበት። የተቋረጠበት ቦታ ካለ ክዳኑ ተጣሟል ወይም መቆለፊያው ላልቷል። ግራሶውን ጠርገህ ግጠም፤ ኤር ፍሎ ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር የሚለካው) ላይ እንዳይደርስ።

ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋት ቀጭኗ ቱቦ አለች፤ ከቫልቭ ክዳን ተነሥታ ከፊልትሮው በኋላ ማኒኮቶው ላይ የምትገባዋ። ስትደርቅ ከታች በኩል ትሰነጠቃለች። ከዚያ የገባ አቧራ ፊልትሮ ሳያገኘው ቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ነው። የዘይት ክዳኑን ጎማና የዘይት መለኪያ ዘንጉን ጎማም እይ።

ሳሙና ውሃ እየረጩ መፈለግ የሚሠራው ከትሮትል በኋላ፣ ወደ ሞተሩ በኩል ላለው ክፍል ብቻ ነው። ከትሮትሉ በፊት መሳቡ ደካማ ስለሆነ ቀዳዳው ይደበቅብሃል፤ እዚያ ዓይንና ጣት ይሻላል።

የጣና ዳር

በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይታከል። የዚህ ዓይነት ምርመራ የሚያየው በጣም ደቃቁን ብቻ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን የሚበልጥ ቁራጭ ያመልጠዋል። የወጣው የዘይት ፊልትሮ ካልተጣለ ክፈተው። በብረት መጋዝ እንዳትቆርጠው፤ የመጋዙ ብናኝ ገብቶ ያሳስትሃል። በቆርቆሮ መቁረጫ አፉን ክፈትና ወረቀቱን ዘርግተህ በብርሃን ተመልከት፤ ማግኔትም አስጠጋበት። የሚያብለጨልጭ ስንጣሪ ከሌለ እሰየው።

ዘይቱን ለማጠብ ብለህ ምንም ኬሚካል አትጨምር። የአየር መንገዱን ከዘጋህ በኋላ 3.7 ሊትር ከነፊልትሮው ቀይርና 3,000 ኪ.ሜ ላይ ናሙና ውሰድ። 15 ደቂቃ ከነዳኸው በኋላ ሞተሩን አጥፋ፣ የኮፓውን ቡሎን ፍታ፣ የመጀመሪያውን ፍሳሽ አሳልፈህ ከመሃሉ 100 ሚሊ ሊትር ያዝ። ጠርሙሱ አዲስና ደረቅ ይሁን፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጡ እርጥበት ስለሚቀር አይሆንም። ካልተነካው አዲስ ዘይትም አንድ ናሙና አብረህ ላክ፤ የራሱ ሲሊከን ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ የዘይቱን ኪሎ ሜትርና የተጨመረውን መጠን ጻፍ።

ትንሽ አሮጌ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ስለሚቀር ሲሊከኑ በአንዴ ሙሉ በሙሉ አይወርድም። 15 ገደማ ገብቶ ብረቱም በ1,000 ኪ.ሜ ከ3 በታች ከሆነ በሩ ተዘግቷል። ሲሊከኑ ወርዶ ብረቱ ካልወረደ ግን ያኔ ስለ ፋሻ እንነጋገራለን።