የ1971 ክፍት ቮልስ፦ ፍሬኗ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ዓባይ በረሃን ልውረድባት ወይስ ይቅር?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ አለችኝ፣ ጣሪያዋ ጨርቅ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የ1971 (በፈረንጅ) ስሪት። ሦስት ዓመት ቆማ ነበር። አሁን ሞተሯ ሰላም ነው፣ ቀለሟም ታድሷል። ታናሽ ወንድሜ በጥር ያገባል። ሙሽሪት የፍቼ ልጅ ስለሆነች ቤተሰቡ «በአባትህ ቮልስ ካላመጣናትማ ምኑን ሠርግ ሆነ» ብሎ ይዞኛል። ዓባይን ወርጄ ወጥቼ፣ ሙሽራ ጭኜ ደግሞ መመለስ ማለት ነው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ፍሬን ስረግጥ መጀመሪያ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ይደርሳል፣ ደግሜ ስረግጥ ከፍ ይላል። መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታለች። ፈጠን ብዬ ሄጄ ፍሬን ከያዝኩ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የአራቱም እግር ፍሬን ታምቡር ነው፣ ዲስክ የላትም። ጎማዎቹን አባቴ ነው ያስገባቸው፣ 195/65 አር 15 ናቸው። ጥርሳቸው አላለቀም። ጎናቸው ላይ 3814 ይላል፣ የ2014 ምርት ስለሆኑ ገና አራት ዓመታቸው ነው። ጎሚስታው አራቱንም 35 ነፍቶልኛል። ከየት ልጀምር?

ደጀን ጋራዥ፦
ከፔዳሉ ጀምር። ሲደገም ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ሸራው (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው) ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ቮልስ እንደ አሁኖቹ መኪኖች ራሷን አታስተካክልም፣ ሰው ነው የሚያስተካክላት። በክሪክ አንሳት፣ በየእግሩ ጥርስ ያላቸው ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፣ በቀዳዳው በካቻቢቴ ታዞራቸዋለህ። ጎማው አልዞር እስኪል አጥብቅ፣ ከዚያ ሦስት አራት ጥርስ መልስ፣ በነፃ መዞር አለበት። የእጅ ፍሬኑን አላልተህ ነው ታዲያ ይሄን የምትሠራው፣ አለበለዚያ የኋላው ያሳስትሃል።

ከዚህ በኋላም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር አለ። አየሩን ስታስወጣ ከሩቁ ጀምር፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ፊት ግራ። ፔዳሉ ረግጠህ ይዘኸው ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ማስተር ሲሊንደሩ ነው፣ ሌላ ቦታ አትድከም።

ወደ ግራ መጎተቱን ሁሉም ሰው በግራ እግር ይፈልገዋል። የደከመው ቀኙ ሊሆን ይችላል እኮ! ግራው ብቻውን ሲይዝ ነው የሚጎትተው። የፊት ቀኙን ታምቡር ፍታና ሸራው በዘይት ርሶ እንደሆነ እይ። ከራሰ ሸራው ይጣላል፣ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የለም። ንዝረቱ ደግሞ ሞላላ የሆነ ታምቡር ይመስላል፣ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፣ ከሳሳ ግን ይቀየር።

ቡሬ 12፦
አላይመንት አሠራው ያልቃል።

ደጀን ጋራዥ፦
አያልቅም ወንድሜ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ጉትቻ መጀመሪያ ፍሬን ውስጥ ነው የሚፈለገው።

የጣና ቮልስ፦
እኔም ባህር ዳር ቮልስ አለኝ፣ ስለ ጎማው ልናገር። ወንድሜ፣ 3814 ማለት 38ኛው ሳምንት፣ 2014 በፈረንጅ ነው! በእኛ መስከረም 2007 መሆኑ ነው። ዘንድሮ 2018 ነው፣ ጎማህ አሥራ አንድ ዓመቱን ደፍኗል። አትሳቅ፣ እኔም በዚህ ተሸውጄ አውቃለሁ፣ ሻጩ ራሱ «የዘንድሮ ነው» እያለ ነበር የሸጠልኝ። ጥርሱን ተወውና ጎኑን ጎንበስ ብለህ እይ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታገኛለህ። ቆሞ የከረመ ጎማ ሳይሄድም ያረጃል።

ሁለተኛ፣ 195 የዚች መኪና ልክ አይደለም። የቮልስ ቸርኬ 4 ወይም 4 ተኩል ኢንች ነው፣ 195 ቢያንስ 5 ተኩል ይፈልጋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ጎኑ ያብጣል፣ መሪ ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይ ትዋኛለች። ልኳ 155 አር 15 ወይም 165/80 አር 15 ነው። ጠይቀህ አስመጣ እንጂ «ይሄም ይገባል» ሲሉህ እሺ አትበል።

ነፋሱም 35 አይደለም። ሞተሯ ኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው። ፊት 18፣ ኋላ 27 አካባቢ አድርግ። ጎሚስታው «ተንፍሷል» ብሎ ይከራከርሃል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው የማስነፋው።

አያ ሹፌሩ፦
ልጄ፣ ዓባይን በኤንትሬ የጭነት መኪና ዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን እየረገጥክ ከወረድክ ታምቡሩ ይግላል፣ አሮጌ የፍሬን ዘይት ውሃ ጠጥቶ ስለሚቆይ ይፈላል፣ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ስትፈልግ ጫን አድርገህ ልቀቅ እንጂ እግርህን አታሳርፍበት። ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረድ የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ዘይቱስ ምንድን ነው ያለው?

የማርቆስ ልጅ፦
አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጎድሎ ስላየሁት ቤት የነበረ የመሪ ዘይት ጨምሬበት ነበር… ትንሽ ነው።

ደጀን ጋራዥ፦
ወይ ጉድ! ይሄን ቀድመህ ብትናገር። የመሪ ዘይት የፍሬን ጎማ ያሳብጣል። ትንሽም ቢሆን ቀድቶ ማውጣት ብቻ አይበቃም። አራቱ ቱቦ፣ የየእግሩ ሲሊንደር ጎማ፣ የማስተሩም ጎማ ይቀየራል፣ የብረቱ መስመር በአልኮል ይታጠባል። ከዚያ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ሙላ፣ በየሁለት ዓመቱ ቀይር። ያበጠ ቱቦ ዘይቱን አስገብቶ አልመልስም ይላል፣ ጉትቻህም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ነድተህ ውረድና እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ አንዱ ለብቻው የሚፋጅ ከሆነ እሱ ጋ ነው። የኋላውን ታምቡር ስትመልስ የ36ቱን ዳዶ በግምት አትሰር። 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ 75 ኪሎ ሰው 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ እንደቆመ ማለት ነው። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ቆፒሊያም አትርሳ።

የማርቆስ ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ፈታናት። የፊት ቀኝ ሲሊንደር አፍስሶ ሸራውን አጨማልቆታል፣ የፊት ግራው ታምቡር ቶርኖ ቤት ገብቷል። ጎማው ውስጥ ለውስጥ ተሰነጣጥቋል፣ 165ቱን አዝዣለሁ፣ ለሠርጉ ግን አይደርስም። ስለዚህ ሙሽሪትን ከፍቼ በሚኒባስ እናመጣታለን። እናቴ አኩርፋለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የፊት መስታወት ውሃ አይረጭም፣ ፓምፑም የለም። ማን ፈታው?

የጣና ቮልስ፦
ማንም አልፈታውም። በትርፍ ጎማው ነፋስ ነው የሚረጨው፣ ጎማውን ንፋው።

የማርቆስ ልጅ፦
ትርፉም 3814 ነው።