ሕያዋን የሚመደቡባቸው አምስቱ ኪንግደሞች (ታላላቅ ምድቦች) ከመማሪያ መጽሐፍ ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ ይውጡ ባይ ነኝ። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዊተከር በ1969 እ.ኤ.አ. ሕያዋንን በአምስት (ሞኔራ፣ ፕሮቲስታ፣ ፈንገስ፣ እጽዋት፣ እንስሳት) ሲከፍል ኒውክለስ የሌላቸውን ሁሉ ሞኔራ ብሎ አንድ ላይ አጎራቸው። በ1977 ተመራማሪዎቹ ዎዝና ፎክስ የራይቦሶምን (ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል) አርኤንኤ ሲያነጻጽሩ ግን እጅግ የሚራራቁ ሁለት ወገኖች ወጡ፤ ባክቴሪያና አርኬያ። የአርኬያ የሕዋስ ሽፋን ስብ የሚያያዘው ኤተር በሚባል ኬሚካላዊ ትስስር ነው፣ የባክቴሪያው በኤስተር። የአርኬያ ግድግዳ የባክቴሪያ ግድግዳ የሚሠራበት ፔፕቲዶግላይካንም የለውም። ታዲያ በምን ሒሳብ አንድ ቤት ይገባሉ?

የባዮሎጂ መምህር፦ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሽንኩርት ልጣጭ በአዮዲን አቅልሞ በ400 እጥፍ ኒውክለሱን በዓይኑ ያያል። ኤተርና ኤስተርን በምን ይየው? ደግሞም ዎዝና ባልደረቦቹ በ1990 ሦስቱን ዶሜይኖች (ባክቴሪያ፣ አርኬያና ኒውክለስ ያላቸው ሁሉ) ሲያቀርቡ ኪንግደምን አልሻሩም፤ ከዶሜይን ሥር አስቀመጡት እንጂ።

የእጽዋት ጥበቃ ባለሙያ፦ መምህር፣ ምደባ ሲሳሳት ኪሳራው ማሳ ላይ ይወርዳል። ድንች የሚያጠፋውን ፋይቶፍቶራ ይመልከቱ። ቅጠሉ ውኃ የነካው መስሎ ይጠቁራል፤ ጠዋት ሲገለብጡት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ መሳይ ነገር አለ። ዊተከርም ፋይቶፍቶራ ያለበትን ወገን ከፈንገስ መድቦት ነበር። ነገር ግን ግድግዳው እንደ ፈንገስ ካይቲን ሳይሆን ሴሉሎስ አለው፤ የፈንገስ ሽፋን ስብ የሆነውን ኤርጎስቴሮልም አይሠራም። ፕሮፒኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የስንዴ ዋግን የሚገታው ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ በመከልከል ስለሆነ፣ ድንቹ ላይ ቢረጩት ገንዘብ መድፋት ነው። የሚሠራው እንደ ሜታላክሲል ያለ መድኃኒት ነው፤ እሱም ብቻውን ከተደጋገመ ተሕዋሱ ስለሚለምደው ማንኮዜብ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ይቀላቀላል።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልክ ነዎት፤ ግን የባዮሎጂ ተመራማሪዋ ማርጉሊስ ይህንኑ ወገን ወደ ፕሮቲስታ አዛውራዋለች። አምስቱ ሳይፈርሱ ስህተቱ ታረመ ማለት ነው።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ ፕሮቲስታም ቦታ ያጣ ሁሉ የሚጣልበት ቅርጫት ነው! ፋይቶፍቶራ ለቡናማ አልጌ እንጂ ለአሜባ ዘመድ አይደለም። ሞኔራ ላይ ያለው ጉዳት ደግሞ ላብራቶሪ ድረስ ይከተላል። በአፋር ያለውን ዳሎልን እንውሰድ። በ2019 የታተመ ጥናት እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት አላገኘም፤ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ጨዋማ ውኃዎች ግን አርኬያ ገነው ተገኙ። ሁሉም ሞኔራ ነው ብሎ የተማረ ሰው ለባክቴሪያ የተሠራውን 27ኤፍ ፕራይመር (ጂን ለማባዛት መነሻ የሚሆን አጭር ዲኤንኤ) ብቻ ይዞ፣ ተሕዋስን ለመለየት የሚያገለግለውን የ16ኤስ ጂን ቢያባዛ፣ አርኬያዎቹ ያመልጡታል። ውኃው የባክቴሪያ ብቻ ነው ብሎ ይጽፋል።

የባዮሎጂ መምህር፦ ሞኔራ ይሰረዝ፣ ተስማማሁ። ቦታውን ባክቴሪያና አርኬያ ይያዙት። ፕሮቲስታን ግን የሚተካ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ምደባ አምጡና እንየው።