ክርክር፦ በማንችስተር የጨዋታ ትኬት የትራምና የአውቶቡስ ሒሳብ ያካትት ወይስ አያካትት?

ሄኖክ (ስትሬትፎርድ)፦
ወገኖች፣ የዩናይትዱ ኦልድ ትራፎርድ ወይም የሲቲው ኢቲሃድ ስታዲየም ኳስ ለማየት ትኬት የቆረጠ ሰው በዚያው ትኬት ትራምና አውቶቡስ ይሳፈር እላለሁ፤ ሒሳቡንም ክለቡ ይክፈል። አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመን ውስጥ ብዙ የቡንደስሊጋ ክለቦች ትኬታቸው የከተማውን ትራንስፖርት ይጨምራል። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ትኬት የያዘ ደጋፊ ለ36 ሰዓት የከተማ ትራንስፖርት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተጠቅሟል። እዚሁ እንግሊዝ ብራይተን በ2011 አዲሱ ስታዲየሙ ሲገባ የባቡርና የአውቶቡስ ጉዞውን ከትኬቱ ጋር አያይዞ ነው የጀመረው። ለእኛ ከተማ ድሮ ከባድ ነበር፤ ከ1986 ጀምሮ አውቶቡሱ በየኩባንያው ተበታትኖ ከማን ጋር ይዋዋሉ? ከጥር 2025 ወዲህ ግን የግሬተር ማንችስተር አውቶቡሶች ቢ ኔትወርክ በሚባለው የሕዝብ ትራንስፖርት ሥርዓት ሥር ተጠቃለዋል። መስመሩንም ታሪፉንም የሚወስነው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ትራሙም የእሱ ነው። አሁን የቀረው ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

ዳዊት (ሳልፎርድ)፦
ክለቡ ይክፈል ማለት ደጋፊው ይክፈል ማለት ነው። ዩናይትድ በ2024 መጨረሻ፣ ገና የውድድር ዘመኑ ሳይጋመስ፣ የቀሩትን ትኬቶች ለልጅም ለጡረተኛም ሳይለይ 66 ፓውንድ አደረገ። ይህን ያደረገ ክለብ የትራሙን ሒሳብ ከባለቤቶቹ ኪስ ያወጣል ብለህ ታምናለህ? ከእኛው ሠፈር ከኦርድሳል በእግሩ ተነሥቶ ስታዲየም የሚገባ ሰው አውቃለሁ። ለማይሳፈርበት ትራም ለምን ይቆረጥበታል?

ሳምሶን (ዶርትሙንድ)፦
ዳዊት፣ እኔ ያለሁበት ከተማ 81,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለ፤ የጨዋታ ቀን ትኬቴን አሳይቼ ባቡር እገባለሁ። በእግሩ የሚመጣም ያው ነው የሚከፍለው፤ ነገር ግን ለሁሉም ስለሚካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እንደ እድር ቁጠረው። ትልቁ ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው፦ አንዴ ከተከፈለ በኋላ መኪና ይዞ መምጣት የሚያስመኝ ነገር አይኖርም።

እታገኝ (ቤስዊክ)፦
ልጆች፣ እናንተ ስለ ደጋፊው ታወራላችሁ፤ እኔ የምኖረው ከኢቲሃድ ጀርባ ነው። የትራሙ ፌርማታ በ2013 ሲከፈት መኪናው ይቀንሳል ብለን ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ በ2024 ኮ-ኦፕ ላይቭ የሚሉት 23,500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አጠገቡ ተጨመረ። ማታ ኳስ ባለ ቀን መኪናው የእግረኛው መንገድ ላይ በሁለት ጎማ ወጥቶ ይቆማል። የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት አስፋልት ላይ ወርዳ ነው የምታልፈው። የነዋሪውን ግብር፣ ካውንስል ታክሱን፣ የምንከፍለው እኛ፣ ገቢው የክለቡ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ የሄኖክን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ የመኪና ማቆሚያ ቁጥጥሩ ግን አብሮ ይጥበቅ፤ ያለዚያ ትራም በነጻ ሆነም አልሆነም ሰውየው መኪናውን ደጄ ላይ ያቆማል።

ዳዊት፦
እትዬ፣ በግንቦት የማንችስተር ሩጫ ሲኖርም እኮ መንገድ ይዘጋል፣ አውቶቡስ አቅጣጫ ይቀይራል። ኃይሌና ጥሩነሽ ደጋግመው ያሸነፉበትን ውድድር እኛው ወጥተን ስናጨበጭብ ማንም አዘጋጁን ክፈል አላለም።

እታገኝ፦
እሱ በዓመት አንድ እሑድ ነው ልጄ፤ የሚሮጠውም የከተማው ሰው ነው። የክለቡ ግን ከነሐሴ እስከ ግንቦት ነው።

ቢኒያም (የትራም ሠራተኛ)፦
የምታወሩትን በየሳምንቱ ፌርማታ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ጨዋታው እንዳለቀ ሰዉን ከአጥሩ ውጭ በሰልፍ እናቆማለን፤ ሁለት ተያይዞ የሚሄደው ድርቡ ትራም ሲመጣ የሚይዘውን ያህል ቆጥረን እንለቃለን። መጨረሻ የገባው ሰው የጀርባ ቦርሳ በሩን አላዘጋ ይላል፣ በሩ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል፣ ከኋላ ያለው ትራም ደግሞ ይጠብቃል። አሁን ሒሳቡን ሥሩ፦ አንድ ትራም ተቀምጦም ቆሞም 200 ሰው ገደማ ይይዛል፣ ድርቡ 400። ኦልድ ትራፎርድ 74,000 ሰው ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 20,000ው ብቻ ትራም ልያዝ ቢል 50 ድርብ ትራም ነው፤ ሁሉም ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ለስምንት መስመርና ለ99 ፌርማታ ያለን ትራም በጠቅላላው 147 ነው። ከስታዲየሙ ደቡብ ክንፍ ሥር የባቡር ፌርማታ አለ፤ በደህንነት ምክንያት ከ2018 ወዲህ ባቡር አይቆምበትም። ትኬቱን በነጻ ብታደርጉት ሰልፉ ይረዝማል እንጂ አንድም ወንበር አይጨመርም።

ራሄል (ቼተም ሂል)፦
እኔ ኳስ አልከታተልም፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ማታ ሁለት ሰዓት ጨዋታ ሲኖር አራት ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባው ሁሉ ከደጋፊው ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው። ስታዲየም ውስጥ የሚያጸዱትን፣ ኩሽና የሚሠሩትንና በር የሚጠብቁትንም አስቡ። እነሱ የሚወጡት ደጋፊው ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ አውቶቡስ በመስከረም 2024 ሲጀመር በ36 እና በቪ1 መስመር ነበር፤ ወደ ቦልተንና ወደ ሊ። ሌላ አቅጣጫ የሚኖር ሠራተኛ ታክሲ ነው የሚይዘው፣ የዚያን ሌሊት ደመወዙን ግማሽ ሰጥቶ። ከክለብ ገንዘብ የሚገኝ ከሆነ መጀመሪያ ለእነዚህ መስመሮች ይዋል። 66 ፓውንድ ከፍሎ የገባ ሰው የትራም ሒሳብ አያጣም።

ሄኖክ፦
ራሄል ያልሽው ልክ ነው፤ ሁለቱ ግን አይጣሉም። ጊዜው አሁን ነው የምለው ለዚህ ነው፦ ዩናይትድ በመጋቢት 2025 100,000 መቀመጫ ያለው አዲስ ስታዲየም እሠራለሁ ብሏል፣ 2 ቢሊዮን ፓውንድ። ያኔ የግሬተር ማንችስተር ከንቲባ የነበሩት አንዲ በርንሃም የሕዝብ ገንዘብ ለስታዲየሙ ሳይሆን ለአካባቢው መሠረተ ልማት ነው የሚወጣው ብለዋል። እሺ፣ መንገዱና ባቡሩ በእኛ ገንዘብ ከተሠራ ክለቡ በየጨዋታው ምን ያዋጣል? የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ከገንቢው ጋር የሚፈረም፣ ክፍል 106 የሚባል የግዴታ ውል አለ። እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ለምኖ ማግኘት ዘበት ነው።

ዳዊት፦
በውል ከሆነ እስማማለሁ፣ ግን በተራ ትኬት ላይ አይጫን። ክፍያው ከመኪና ማቆሚያውና ለኩባንያዎች በውድ ከሚሸጡት ሳጥን መቀመጫዎች ይውጣ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው መኪና ይዞ ነው የሚመጣው፤ የእትዬ እታገኝን መንገድ ያጨናነቀውም እሱ ነው። የኦርድሳሉ ሰው በእግሩ እንደሄደ ይሂድ።

ሳምሶን፦
ሳጥኑ ብቻውን 100,000 ሰው አያመላልስም፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ቢያዋጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቢኒያም፦
ከማንም ይውጣ፣ በምን ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ ጻፉ። ትራም ዛሬ ቢታዘዝ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሐዲዱም ከተማ መሃል ላይ ሁሉም መስመር የሚተላለፍበት ስለሆነ እንዳሻን አንጨምርም። አውቶቡስ ግን በወራት ይመጣል። ከኦልድ ትራፎርድ ተነሥቶ ከተማ መሃል ፒካዲሊ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ቦልተን፣ ወደ ኦልድሃም፣ ወደ ስቶክፖርት የሚሄድ የጨዋታ ቀን አውቶቡስ ይብዛ፤ ራሄል ያለቻቸው ሠራተኞች ደግሞ ሲወጡ ያው አውቶቡስ አንድ ዙር ይመለስላቸው። ይህ ከውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይግባ፤ የነጻ ትኬቱ ጉዳይ ሁለተኛ ይምጣ።