የአባቴ አረማመድ ተቀይሯል፤ ሁሉም «ደክሞት ነው» ይላል። ምን ላድርግ?

የኮዬዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። አባቴ አሁን ከእድር ስብሰባ መጣ። መብራት ስለጠፋ በረንዳ ላይ ቆሜ ስጠብቀው ነበር። ከኋላው መኪና ሲያበራ ጥላው ብቻ ታየኝ። ፊቱ አይታይም፣ አረማመዱ ግን የእሱ አይደለም። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔም ሳይታወቀኝ የበረንዳውን ብረት ጨብጬ ወደ ቀኝ ዘንበል ብያለሁ። ወንድሞቼ «ደክሞት ነው» አሉ። እሱም «ምንም አልሆንኩም፣ ተዉኝ» ይላል። ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ይደር?

ሎሚ ሻይ፦
ግፊቱ ከፍ ብሎ ነው። ሎሚ በውሃ ጨምቀሽ ስጪው፣ ይረፍ።

የቱሉ ዲምቱው፦
እህቴ አትደንግጪ። በጨለማ፣ ከፎቅ ላይ፣ ጥላ አይተሽ እንዴት አወቅሽ? መንገዱ ሁሉ ተቆፍሯል። እዚያ ላይ ጎረምሳውም እስክስታ እየመታ ነው የሚያልፈው።

አንባቢ፦
በጥላ መለየት ይቻላል። ጉናር ዮሃንሰን የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1973 ያሳተመው ሥራ አለ። በሰዎች ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ትንንሽ መብራት አድርጎ በጨለማ ሲሄዱ ቀረጻቸው። ፊት የለ፣ ልብስ የለ፣ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ቆመው ሲታዩ ምንም አይገባም። መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን ተመልካቹ ሰከንድ ሳይሞላ «ሰው እየሄደ ነው» ይላል። በ1977 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰው ጓደኛውን ከነዚህ ነጥቦች ብቻ ሊለይ እንደሚችል አሳዩ። እሷ የአባቷን አካሄድ ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ኖራለች። ዓይኗን ትመን።

የቱሉ ዲምቱው፦
ስዊድን ሌላ፣ ኮዬ ሌላ። ልጅቷ ፈርታ ነው።

ፊዚዮ ዘጣፎ፦
ክርክሩ ይቆየን። የኔ እህት፣ የስልክሽን መብራት አብሪና ፈገግ እንዲል ጠይቂው። ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን። አንድ ዓረፍተ ነገር ይድገምልሽ። ዕድሜውን፣ ሕመም ካለበትና መጨረሻ ደህና የነበረበትን ሰዓት ጻፊልኝ።

የኮዬዋ፦
67 ዓመቱ ነው። የግፊት መድኃኒት ይወስዳል፣ ስኳር የለበትም። ሲስቅ የግራ ከንፈሩ አይነሳም!! ግራ እጁም ቀስ እያለ ይወርዳል። 11 ሰዓት ላይ ደህና ነበር ብለውኛል። አሁን 1 ሰዓት አልፏል።

ፊዚዮ ዘጣፎ፦
አሁኑኑ ሂዱ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ ማለት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። ደም ረግቶ ከሆነ የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ እሱም ከሲቲ ስካን (አንጎልን በራጅ ከሚያሳየው ምርመራ) በኋላ። «11 ሰዓት ደህና ነበር» የሚለውን ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሪ። አስፕሪን አትስጡት፤ ደም ፈስሶ ከሆነ ያብስበታል። ሎሚውም ውሃውም ይቅር። መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ይገባል። ደረጃውን በእግሩ እንዳይወርድ። ወንድሞችሽ በወንበር ተሸክመው ያውርዱት።

ሎሚ ሻይ፦
ትንሽ ሎሚ ግን አይጎዳም። ለግፊት ፍቱን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሹፌሩ፦
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ነኝ፣ መኪናዬ ባዶ ነው። ብሎክ ቁጥርሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ሂሳብ የለም።

የኮዬዋ፦
ልኬልሃለሁ። እግዜር ይስጥህ። እየወረድን ነው።

ማክዳ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔን የገረመኝ ወደ ቀኝ ማዘንበሏ ነው። ስካፎልዲንግ ላይ ሰው ሲንገዳገድ ሳይ የኔም ጉልበት ይከዳኛል። ለምንድነው?

አንባቢ፦
አንጎል የሌላውን እንቅስቃሴ ሲያይ የራሳችንን እንቅስቃሴ የሚመራው ክፍልም አብሮ ይነሳሳል። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በውስጠኛው ጆሮ፣ በዓይንና ከጡንቻና መገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። ሊወድቅ የደረሰ ሰው ስናይ የራሳችን አቋቋምም ሊናጋ ይችላል። እሷ ከማሰቧ በፊት ሰውነቷ መልስ ሰጥቷል።

የቱሉ ዲምቱው፦
እጁ ይወርዳል ካለች ነገሩ ሌላ ነው። አባባን ይማርልን። ደም የሚሰጥ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።

ፊዚዮ ዘጣፎ፦
የኮዬዋ፣ የደረሳችሁበት ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን ከሌለው ካርድ እስኪወጣ አትጠብቂ። ወዲያው ሪፈር ጠይቂ። የሚወስደውን መድኃኒትም ከነካርቶኑ ያዢ።