አዲሷ ሞተሬ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። በቅርቡ አዲስ 150 ሲሲ ሞተር ገዝቼ እስኪ ደባርቅ ደርሼ ልምጣ አልኩ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ኮሶዬ ሸጋ ነበረች። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንወጣ ግን ነዳጅ ስሰጣት ትንተባተባለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትቼ አየሁት፤ ጥላሸት ለብሷል። የአየር ማጣሪያው ንጹህ ነው። በካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ዕቃ) የምትሠራ ስለሆነች፣ ከፍታው ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዝቶባት ይመስለኛል። መካኒኩ «ሮዳጅ (የአዲስ ሞተር ማለማመጃ ጊዜ) ስትጨርስ ይተዋታል» አለኝ። አልተዋጠልኝም።

ቀጣዩ ጉዞዬ በአዲስ ዘመን አድርጎ ባሕር ዳር ነው፤ ያውም ሰው ጭኜ። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበች ላስቀይራት? ወይስ ዝቅ ወዳለው አገር ስወርድ ቤንዚን አንሷት ሞተሩ ይግልብኛል? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ጋራንቲዋ አላለቀም፣ እንዳላበላሸውም ፈርቻለሁ።