እናትን ይዞ ወደ ጣና ገዳማት፦ የቱን መርጠን፣ በምን እንሂድ?

አዲስ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ዝውውር ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት በቅርቡ ስለሆነ ከተማዋን ገና በወጉ አላወቅኋትም። በጥቅምት መጨረሻ ግን እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና የዘጠኝ ዓመት ልጁ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ይሰነብታሉ። የእናቴ ዕድሜ ከሰባ አልፏል፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃና ዳገት ይከብዳታል፤ የጣናን ገዳማት መሳለም ግን የዘወትር ምኞቷ ነው። ወንድሜ በበኩሉ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ጢስ ዓባይን ሳያይ እንደማይመለስ ከወዲሁ ነግሮኛል፤ እግረ መንገዱንም ጎንደርን ማየት ይፈልጋል።

እኔ ያሰብኩት በመጀመሪያው ቀን ክብራን ገብርኤልንና ዘጌን፣ በሁለተኛው ቀን ዳጋ እስጢፋኖስንና ናርጋ ሥላሴን፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጢስ ዓባይን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎንደርን ልናዳርስ ነው። ይህ የሚሆን ነገር ነው ወይ? የማይሆን ከሆነ የትኛው ቢቀር ይሻላል? ጀልባስ በኮንትራት መያዝ ነው የሚሻለው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ መሄድ? ቦታውን የምታውቁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የጀልባ አስጎብኚ፦

እንኳን ወደ ባሕር ዳር በሰላም መጡ። ስለ ሰዓቱ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። የክብራንን የብራና መጻሕፍትም ሆነ በዳጋ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈበትን ቦታ ወንድምዎና ልጁ ገብተው ማየት ይችላሉ፤ እናትዎ ግን እነሱ እስኪመለሱ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው መጠበቅ ይሆንባቸዋል። ጉዞው በዋናነት ለእሳቸው ተብሎ የሚደረግ ከሆነ ከዕቅድዎ አስቀድመው መውጣት ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሴቶች ገብተው የሚሳለሟቸውም ጥቂት አይደሉም። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለችው ደብረ ማርያም፣ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንዲሁም ከደቅ ደሴት ጥግ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ይገኙበታል። ናርጋን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ፣ እቴጌይቱ ልጇን በታቀፈችው እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ በእኔ ዓይን ከሐይቁ ገዳማት ሁሉ የምታምረው እሷ ናት። ይሁን እንጂ ደርሶ መልሱ ቀኑን የሚፈጅ በመሆኑ፣ ያን ያህል ሰዓት ጀልባ ላይ ተቀምጦ መዋል ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዳገት የማይተናነስ ድካም ነው።

ጣና ከዳር ሆነው ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ደግሞ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሿን ጀልባ ክፉኛ ያንገጫግጫታል። እንደ ልማዱ ጠዋት ሐይቁ የተረጋጋ ነው፤ ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ተነሥታችሁ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 7 ሰዓት ላይ ከተማ እንድትመለሱ አድርገው ያቅዱ። ጠዋት ጢስ ዓባይ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ጀልባ መያዝ በብዛት የማየው ልማድ ነው፤ እኔ ግን ለማንም አልመክረውም።

አረጋዊ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ የሚሻለው ኮንትራት ነው፤ ሌላውን ተሳፋሪ ሳትጠብቁ ወጥታችሁ እናትዎ ሲደክማቸው መመለስ ትችላላችሁ። ዋጋው የሚነገረው ለጀልባው እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ፣ የምትቆሙባቸውን ቦታዎች በስም ጠቅሳችሁ፣ የሚጠብቃችሁን ሰዓትና የአስጎብኚው ሒሳብ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ሳትነሡ ተስማሙ። የየገዳሙ መግቢያ ለብቻው፣ እዚያው ሲደርሱ ነው የሚከፈለው፤ ዝርዝር ብር ይያዙ። ለልጁ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ከዋዜማው ጀምሮ ያረጋግጡ። የአዋቂውን አምጥተው ካለበሱት ውሃ ላይ ጃኬቱ ወደ ላይ እየሸሸ በአንገቱ ሊወልቅ ይችላል፤ ከመነሣታችሁ በፊት ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት፣ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሌላ እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ።

የዘጌ ልጅ፦

ስለ ዘጌ ልጨምር። ብዙ ሰው ዘጌ ሲባል አንድ ቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎችም በጫካው ውስጥ ተበታትነው የሚገኙበት ሰፊ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ለእናትዎ ከሁሉ የምትቀርባቸው አዝዋ ማርያም ናት፤ ከጀልባ ማረፊያው ጥቂት እንደተራመዱ ትገኛለች። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ዳገት አለባት። መንገዱ በቡና ጥላ ሥር የሚያልፍ፣ በየቦታው ድንጋይና የዛፍ ሥር ያገጠጠበት ስለሆነ ከዘራ ያስፈልጋቸዋል፤ በሁለቱም በኩል የመስቀልና የትናንሽ ታንኳ ሻጮች ስላሉ እነሱ ጋ ቆም እያሉ መሄዱ ለእረፍትም ይሆናል። ወንድምዎ ወደ ፊት እንዳይሮጥባቸው ይንገሩት፤ ጤነኛ ሰው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ ለእሳቸው እጥፍ ሊሆን ይችላል።

መውጣት ከቻሉ ግን ዑራን አያስቀሩባቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ጫማ አውልቀው ሲገቡ መካከል ላይ ያለው የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ሆኖ ያገኙታል። ከሥዕሎቹ መካከል ሰባ ስምንት ሰው በላ የሚባለው በላዔ ሰብዕ ይገኝበታል። ለተጠማው ሰው የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ሰባ ስምንት ነፍስ ሲመዝን የሚያሳየውን ታሪክ እናትዎ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል፤ ስለዚህ አስጎብኚው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይበልና ለልጅ ልጃቸው እሳቸው ይተርኩለት። ፎቶ ሲያነሡ ፍላሹን ማጥፋት እንዳይረሳ፤ ቀለሙን ይጎዳዋል።

ልጁ ስለ ጫካው መጠየቁ አይቀርም። በዘጌ እርሻ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ይህም ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ቃል ኪዳን ነው ብለው አባቶች ይናገራሉ። ቡናውና ጌሾው ከዛፎቹ ጋር ተጠብቆ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ወሩ ጽጌ ስለሆነ እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ፣ ሐይቅ ዳር ሁሉም ሰው ዓሣ ሲጋብዛችሁ እንዳይቸገሩ ከከተማ የጾም ምግብ ቋጥራችሁ ብትወጡ መልካም ነው።

ዓባይ ማዶ፦

በገዳማቱ ላይ የተሰጠው ምክር በቂ ነው፤ እኔ የምለው ስለ ጢስ ዓባይ ነው። ሄደው «ፏፏቴው ደርቋል» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሄዱት በበጋ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ ጨረጨራ የሚባለው ግድብ ውሃውን ይቆጣጠራል፤ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ሲሠሩም ከሚለቀቀው ከፍተኛው ድርሻ ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ እነሱ ይገባል። 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በደረቁ ወራት ገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ በጣም ቀንሷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ በሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ አድርጎ የራሱን ድርሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። ስለዚህ ጢስ ዓባይን የመምረጥና ያለመምረጥ ጉዳይ በዋናነት የወር ጉዳይ ነው፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እናንተ የምትሄዱት በማብቂያው ላይ ስለሆነ፣ ከዋዜማው ቀን በመንደሩ ያለ ሰው ስለ ውሃው ቢጠየቅ አይከፋም። ወንድምዎ ጥር ላይ ቢመጣ ኖሮ «ይቅርብህ» እለው ነበር፤ አሁን ግን ልክ ነው።

ጢስ ዓባይ መንደር ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመንደሩ ወደ ፏፏቴው የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ላይ የሚወጣው ሲሆን፣ ዕይታው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ወርዶ መውጣት ስላለበት ለእናትዎ አይሆንም። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚኬድበት ነው። እሳቸው በጀልባው በኩል ሄደው፣ ወንድምዎና ልጁ በድልድዩ በኩል መጥተው ሊገናኙ ይችላሉ። በፏፏቴው ፊት ለፊት ከጭጋጉ የተነሣ ሣሩም ድንጋዩም ስለሚያንሸራትት በነጠላ ጫማ መሄድ አይገባም።

አዲስ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የክብራንና የዳጋ ነገር ባይነገረኝ ኖሮ እናቴን ጀልባ ላይ አስቀምጬ ልጠብቅ ነበር። አሁን የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ናርጋን ጨርሼ ልተወው ወይስ ልሞክረው? ጎንደርስ በምን መንገድ ይሁን? ወንድሜ ስለ ጎንደር የሚለቅ አይመስልም።

ሽንብጥ ሰፈር፦

ስለ ናርጋ ከአስጎብኚው ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። እናትዎን ራሳቸውን ይጠይቋቸው። እኔም እናቴን ይዤ ሄጃለሁ፤ ለመቀመጫዋ ፍራሽ፣ ለፀሐዩ ጃንጥላና ነጠላ፣ እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ ያለው ጣሪያ ያለው ጀልባ አዘጋጅቼላት ስለነበር፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች በደስታ የዋለችው። እናትዎ ስለት ያለባቸው ለሥላሴ ከሆነ ዘጌ ምትክ ሊሆንላቸው አይችልም። በሌላ በኩል ምኞታቸው ጣና ላይ ያለ አንድ ገዳም መሳለም ብቻ ከሆነ እንጦስ ኢየሱስና አዝዋ ማርያም ከበቂ በላይ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ያልቃሉ። የመጀመሪያው ቀን ዘጌ ይሁን፤ ከዚያ ሲመለሱ ያላቸውን አቅም አይታችሁ ስለ ናርጋ በማግስቱ መወሰን ትችላላችሁ። ሐይቁ በዚያ ጠዋት ከነፈሰ ግን ጨርሳችሁ አትነሡ፤ ጀልባ ነጂው «ምንም አይል» ቢላችሁም።

ጎንደርን ከጢስ ዓባይ ጋር በአንድ ቀን ማያያዝ አይቻልም። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ከሆነ የፋሲልን ግንብ የምታዩበት ሰዓት አይተርፋችሁም። የሚሻለው ወንድምዎ የመመለሻ ትኬቱን ከጎንደር እንዲያደርግና ከልጁ ጋር አንድ ሌሊት ጨምሮ በዚያው እንዲመለስ ነው፤ እናትዎ ከባሕር ዳር ይመለሳሉ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በክልላችን ያለው የጸጥታ ሁኔታ መንገዱን አንዳንድ ጊዜ እንደሚያዘጋው እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ሄደው በዕለቱ ከሚመለሱ ሾፌሮች ይጠይቁ፤ የሆቴል ሰው «ሰላም ነው» ብሎ በስልክ የሚነግርዎ አይበቃም። ይኸው ጥንቃቄ ለጢስ ዓባይና በየብስ ወደ ዘጌ ለሚወስደውም መንገድ ያገለግላል። መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነ ጎንደር ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ትኬቱንም የሚለወጥ ዓይነት ይቁረጡ።

ለሚቀረው ግማሽ ቀን ከተማው ራሱ ይበቃል። በባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ብትወጡ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድበት ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ይታያል፤ ባጃጁ ከፍ ብሎ ስለሚወጣም እናትዎ ብዙ አይራመዱም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛ ሰፊ መንገድ ስላለው ወደ ማታ ልጁን ይዞ ለመንሸራሸር ጥሩ ነው። ጉማሬ ማየት ከፈለገ ደግሞ በማለዳ ወደ ዓባይ መውጫ በጀልባ ይውሰዱት፤ እርግጠኛ ሆኖ ቃል የሚገባልዎ ሰው ቢኖር ግን አይመኑት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ድረስ የወባ ጊዜ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠቃል። የሚያድሩበት ክፍል አጎበር ይኑረው፤ ወደ ማታ ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ ልጁ ሙሉ ልብስ ይልበስ፤ ተመልሰው ከሄዱ በኋላ ትኩሳት ቢይዛቸው «ጣና ዳር ነበርን» ብለው ለሐኪሙ ይንገሩ። ዳር ላይ ባለው ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ መጫወት ከፈለገም ይከልክሉት፤ ቢልሃርዚያ አለበት።